ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ፍሬን

ባለፈው ሰሞን፣ ክረምቱ ጠቅልሎ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ሳትንቀሳቀስ የከረመችውን ኮሮላዬን አስነስቼ ወደ በሩ ስጠጋ ፍሬኑን ገና ነካ ሳደርገው ጎማው ጮኸ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ባለቤቴ ጫልቱ በመስኮት ብቅ ብላ «አሁንም?» አለችኝ። ወርጄ አጎነበስኩና በቸርኬው ቀዳዳ አየሁ። ዲስኩ፣ ማለትም የፍሬኑ ሸራ እየነከሰ የሚያቆመው ክብ ብረት፣ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ቀልቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝናብ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ደግሞም ዝናብ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲረገጥ ተፍቆ ይለቃል። እኔ ግን ያን ቀለም ሳይ ዓይኔ ሳላዘው ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ጥሩወርቅ በር ዞረ። በሩ ተዘግቷል። ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው።

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ጠባዩን የሰጠኝ ሥራዬ ነው። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ጨረስኩ። ጠዋት እጁን አንስቶ ምሎ አንድ እውነት፣ ከሰዓት በኋላ በሌላ መዝገብ ደግሞ ሌላ እውነት የሚናገር ምስክር ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው ሲምል እጁን አላይም፤ እግሩን ነው የማየው። የሚዋሽ ሰው እግሩ አያርፍም። ጫልቱ «አንተ እኮ እግዜርንም መታወቂያ አሳየኝ ትለዋለህ» ትለኛለች። ትበል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእኔ እንደ ሕግ አንቀጽ ነው።

ይህ ፍሬን መጀመሪያ የጮኸበት ዘመን ደግሞ እንደ እኔ ላለው ሰው የተመቸ ነበር። ዓመቱን በትክክል ማስታወስ አልፈልግም። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሰው ሻይ ቤት ሲገባ ባዶ ወንበር ከመፈለጉ በፊት በአጠገቡ የተቀመጠውን ያያል። ቤንዚን በሊትር ሃያ ብር አልሞላም ነበር፤ ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው የንጉሡን ዘመን የማወራ ይመስላቸዋል። ወጣቶቹ እግሩ የጠበበ ሱሪ ለብሰው ጎፈሬያቸውን አበጥረው ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ይቆማሉ። ሙዚቃ ቤቱ ፍላሽ እየተቀበለ ዘፈን ይጭናል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የኦሮምኛ ዘፈን እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ድረስ ይሰማል። ዘፈኑ ድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ግን መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል። ወይ መብራት ጠፍቷል፣ ወይ ሌላ ነገር መጥቷል። መብራት ብቻ መሆኑ ሲታወቅ ሰው እየሳቀ መንገዱን ይቀጥላል። አሁን ቤቱ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ያንን ዘፈን ይጠብቃል።

ኮሮላዋን የገዛኋት ጡረታ እንደወጣሁ፣ ጊንጪ ከሚኖሩ የአንድ ሟች ነጋዴ ልጆች ነው። ነጭ ናት፤ መቀመጫዋ ላይ የሟቹ ሚስት የሰፋችው የአበባ ጥልፍ ልብስ ነበረበት፤ እሱን እስከ ዛሬ አላነሳሁትም። እትዬ ጥሩወርቅ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤታችን ነበሩ። በመሃላችን የሸምበቆ አጥር አለ፤ የምንወጣበት የቆርቆሮ በር ግን የጋራ ነው፤ መኪናዋም የምትቆመው ከእሳቸው ደጃፍ አጠገብ ነው። አያቶቻቸው ከመንዝ መጡ ይባላል፤ እሳቸው ግን አምቦ ተወልደው አምቦ ያረጁ፣ ኦሮምኛቸው ከእኔ ልጆች የሚሻል የኦርቶዶክስ ሰው ነበሩ። እኛ ጴንጤዎች ነን። ፋሲካ ሲሆን ቅርጫ አብረን እንገባለን፤ ስለ ሃይማኖት ግን አንነጋገርም፤ ጎረቤትነታችን በዚህ ነው የቆየው።

«የማን ነበረች?» አሉ መኪናዋን እየዞሩ።

«የአንድ ነጋዴ። ሞቷል።»

«የሞተ ሰው? እንዴት ሞተ?»

«ታሞ ነው።»

«መኪናዋ ውስጥ?»

«አልጋው ላይ ነው እንጂ እትዬ!»

አልረኩም። ዳቦውን ለጫልቱ ሰጥተው ሲመለሱ አሁንም ዞር ብለው አዩዋት።

ከዚያ አንድ ጊዜ መንገዱ ለሳምንታት ተዘጋ። መኪናዋ አቧራና ጤዛ እየተፈራረቀባት ቆመች። ሲከፈት ጫልቱን ወደ ጉደር ላደርስ አስነሳኋት፤ ያን ጊዜ ጉደር ታስተምር ነበር። በሩ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ጮኸች። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አማተቡ።

«ደበላዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ዝገት ነው እትዬ።»

«ዝገት እንዲህ ይጮሃል?»

መልሴን አልጠበቁም፤ ጎማውን እያዩ ቀሩ።

ያ ዝገት የዚያኑ ዕለት ተፍቆ ለቀቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በሌላ ጠዋት ወጥቼ ባይ ዲስኩ እንደገና ቀልቷል። በማግስቱም እንዲሁ። ጊዜው በጋ ነው፤ ከሰማይ ጠብታ አልወረደም። መኪናዋን አላጠብኳትም። ዲስኩ ዙሪያ ደግሞ ነጭ አቧራ የሚመስል ነገር ደርቋል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል፣ ይጎመዝዛል። ውሎ ሲያድር ፍሬኑ መጮህ ብቻ ሳይሆን መያዝም ጀመረ፤ አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው እየለቀቀ መኪናዋን ወደ ግራ ይጎትታታል። ጉደር መግቢያ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን በዚያ ስንወርድ ፊት ለፊታችን እህል የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናዋ ተፈናጥራ ወደ አይሱዙው ዞረች። ጫልቱ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። አይሱዙው በጥሩምባ እየሰደበን አለፈ። ጫልቱ ትምህርት ቤቷ ደርሳ ስትወርድ «ደበላ፣ ከነገ ጀምሮ በባጃጅ ነው የምሄደው» አለች። ሰው ሚስቴን ሊገድልብኝ ነው ብዬ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መካኒኩን ለሚን ነበር። ጋራዡ ከገበያው በስተጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ፣ ቡሎን በጥርሱ ይዞም የሚያወራ ሰው ነው።

«ዲስኬን አውጥተህ አሮጌ አስገብተህብኛል» አልኩት በቀጥታ።

«ኦቦ ደበላ! የእርስዎን ዲስክ ሰርቄ ለማን እሸጠዋለሁ? ለሙዚየም?»

ጎማውን ፈታና ዲስኩን አገላብጦ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ እግሩን አየሁት፤ እግሩ አርፏል።

«ይሄ ሰው ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሰው እየመጣ ነገር እያፈሰሰበት ነው። ጠላት አለዎት?»

«ፍርድ ቤት የሠራ ሰው ጠላቱን በስም አያውቅም።»

«እንግዲህ ግቢዎ ውስጥ ማን እንዳለ ይዩ፣ ማሎ፣ እባክዎ!»

ግቢዬ ውስጥ ማን እንዳለ ማየት አላስፈለገኝም። ቶሌራ አለ። ቶሌራ ከእንጭኒ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሠላሳውን ያለፈ፣ ጺሙን በሥርዓት የሚከረክም፣ የኋላዋን ክፍል የተከራየን ሰው ነው። ዘመድ የሚለው ሰው አምቦ ውስጥ የለውም። ስልክ ሲደወልለት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዶ በሹክሹክታ ያወራል። ጎህ ሲቀድ በባልዲ ውሃ ይዞ ይወጣል። «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ደበላ» ብሎ ሲሰግድ ራሱ ሰላምታው በዛብኝ። እንደዚህ የሚያከብር ሰው አንድ ነገር ቢፈልግ ነው አልኩ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? እሱን ደግሞ መልአክ ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን የከፋ ያደረገው የቀበሌው ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ በገበያ መሃል አግኝቶኝ ትከሻዬን አቅፎ፣ «ያ ተከራይህ እንዴት ያለ ሰው ነው? አዲስ ሰው ስለበዛ ስም እያጣራን ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ለማሳሰር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ እንጃ» ማለት ብቻ እንኳ ይበቃ ነበር። እኔም፣ «ሰኞ ልንገርህ» አልኩት። እየሄደ ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ቤት ገብቼ ለጫልቱ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና «በምን ማስረጃ?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በፍርድ ቤት ስሰማው የኖርኩትን ጥያቄ ከሚስቴ አፍ ስሰማ አመመኝ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ጫልቱን «ልጸልይ ነው» ብያት ተነሳሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሟቹ ሚስት ጥልፍ ላይ ተጋደምኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን የቶሌራ በር ተከፈተ። ባልዲ ይዟል። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። ቀጥ ብሎ ወደ መኪናዋ መጣ፤ ጎማው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ባልዲውን አስቀመጠ። ቀና ብዬ አንገቱን ልይዝ ስል አጎንብሶ በጎን መስተዋቱ ጺሙን ማበጠር ጀመረ። አበጠረ፣ ዞር ብሎ ራሱን አየ፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ድምፁን አወፍሮ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ። ደግሞ አስተካክሎ አለው። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። የሽንት ቤቱ ጀርባ ሹክሹክታ ምን እንደነበር ገባኝ። ሰውዬው ለካ ሚስት ሊያገባ ነው።

እኔ በዚያው እንደተጋደምኩ ሳለሁ የእትዬ ጥሩወርቅ በር ሲጢጥ አለ። ነጠላቸውን አጣፍተው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ወጡ። ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መጥተው ከፊተኛው ጎማ ፊት ቆሙ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። ውሃውን በእጃቸው እያፈሰሱ ጎማው ላይ መርጨት ጀመሩ። «አንተ ርኩስ! ትናንትም ጮኸሃል። አቃጠለህ አይደል? ገና ትቃጠላለህ!»

ወደ ሁለተኛው ጎማ ዞሩ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ኮፈኑን ተደግፈው ነው የሚያጎነብሱት።

«ጌታዬ፣ ደበላን ጠብቅልኝ። ነገረኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ጫልቱን አደራ፤ ቁልቁለቱን በሰላም አውርዳት። ይሄ የሞተ ሰው መኪና ሳይበላቸው ያለበትን አስወጣልኝ።»

አራቱንም ጎማ ዞሩ፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ አማትበው ሄዱ። ያ ውሃ ከሐሮ ወንጪ፣ ከሐይቁ አካባቢ፣ ዘመዶቻቸው በጄሪካን የሚያመጡላቸው፣ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ጠበል ነው፤ ጨው ያለበት ውሃ፣ ሲደርቅ ነጭ የሚተው። የሆነውን አሁን አንድ በአንድ ገጠምኩት። ጠበል ቦታ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክፉ መንፈስ ያለበት ሰው ውሃው ሲነካው ይጮሃል። መኪናዋ ያን ጠዋት ስትጮህ እሳቸው የሰሙት ሰይጣን ነው። ረጩበት፤ ውሃው ዲስኩን አዛገው፤ የዛገው ዲስክ ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር መድኃኒቱ ሠራ ብለው ጨመሩበት። ሊያድኑን ሲሉ ሊጨርሱን ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ከእናቴ ወዲህ ስሜን ጠርቶ ጎህ ሲቀድ የጸለየልኝ ሰው አልነበረም፤ ነገረኛ ማለታቸው ግን ትንሽ ከነከነኝ።

ለጫልቱ ነገርኳት። «ብትነግራቸው ጸሎታቸውን ገደል ጣልክባቸው ማለት ነው» አለች። ዝም ብንል ደግሞ ቁልቁለቱ አለ። ስንጨነቅ ቆይተን መልሱ ከዚያው ከእሳቸው እምነት ውስጥ መጣልን፦ ጎማው መጮህ ካቆመ መንፈሱ ወጣ ማለት ነው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እትዬ ጥሩወርቅ ረጭተው ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ ቶሌራን ቀሰቀስኩት። ሲያየኝ ደነገጠ። «ክሪክ መጠቀም ትችላለህ?» አልኩት። ታሪኩን ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ሁለታችን ተንበርክከን ጎማዎቹን ፈታን፤ ዲስኮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ በንጹሕ ውሃ አጥበን፣ በአሮጌ ሸሚዜ አደረቅናቸው። ብረቱ ነጭ ሆኖ አበራ። ጣታችን በዝገት ቀልቶ በሩ ስር ተቀምጠን ሳለ፣ «ኦቦ ደበላ፣ ሰሞኑን በክፉ ያዩኝ ነበር» አለኝ። «ሁሉን ነው እንደዚያ የማየው» አልኩት። የቀበሌውን ሰው ነገር ግን አላነሳሁለትም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሞተሩን አስነሳሁ። ቶሌራ በሩን ከፈተ። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በሩ ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ዝም። ደግሜ ረገጥኩ። ዝም። እትዬ ጥሩወርቅ መቋሚያቸውን ጥለው እልልታቸውን ለቀቁት። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ያን ዕለት ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልቁለቱን ወረድን፤ እጇ ክንዴን አልያዘም። ስመለስ የቀበሌው ሰው መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ሰኞ ያልከኝን ልትነግረኝ ነው?»

«ቶሌራን? አውቀዋለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ጆሮውን ማመን አቃተው። ፍርድ ቤት በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ለወንድሜ እንኳ ዋስ ሆኜ አላውቅም። ሆኖም የሬጅስትራር ቃል ቃል ነውና ስሙን አለፈው። ቶሌራ በዚያ ዓመት ሚስቱን አገባ፤ ሽማግሌ ሆኜ እንጭኒ የሄድኩት እኔ ነኝ። «ልጃችሁን ለልጃችን» የሚለውን ሳወፍር እሱ በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

የእልልታው ወሬ ግን እኔን ሳይለቀኝ ከረመ። የጴንጤው መኪና በጠበል ተፈወሰ ተብሎ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ተወራ። በእኛ ጸሎት ቤት አንድ ሽማግሌ ከጉባኤ በኋላ ጎን ወሰዱኝ፤ «ወንድም ደበላ፣ ጠበል ተጠምቀሃል የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ፤ ሲጠይቁኝ ዓይናቸው እግሬ ላይ ነበር። «መኪናው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኩ። አላመኑኝም። እንዴት ያምኑኛል? ለብዙ ወራት ስጸልይ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኝ ነበር። ሰውን እንደዚያ ሳይ መኖሬን አስቤ ስቄያለሁ፤ ቢሆንም መጠርጠሬን አልተውኩም።

እትዬ ጥሩወርቅ አምና አረፉ። እውነቱን ሳይሰሙ ነው የሄዱት፤ ሁልጊዜም፣ «ያን ጊዜ ያስወጣሁልህ» እያሉ ያስታውሱኝ ነበር። በቀብራቸው ዕለት እኔና ቶሌራ ቃሬዛውን ከያዙት መሃል ነበርን።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ኮሮላዬ ስትጮህ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ፤ ጎማው ፊት ተንበረከክሁ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። መልሼ አስቀመጥኩት። ጫልቱ «አታጸዳውም?» ስትለኝ መንገድ ላይ ይለቃል አልኳት። ለብቻዬ ወጣሁ፤ ፍሬን ሳልነካ በዝግታ ሄድኩ። እሳቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ከዋናው መንገድ ዳር ነው። በሩ ፊት ስደርስ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ረገጥኩት። ጮኸ፣ ያውም እንደ ድሮው። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ደንግጠው ዞሩ፤ አንዷ አማተበች፤ ዘበኛውም ማነው ይሄ ብሎ በጥርጣሬ ወደ እኔ መጣ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ በእሱ ትከሻ ላይ ወደ መቃብሮቹ አየሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ተመልሶ መጥቷል።»